የአባቴ አውስትራሊያዊ

ቅድም መስኮቱን ልክፈተው ስትዪኝ «ተዪው» ያልኩሽ ብርዱን ፈርቼ አይደለም። ጎረቤቴ ሣሩን እያጨደ ስለነበር ነው። ሲዘንብ አድሮ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የሚታጨድ ሣር የራሱ ሽታ አለው፤ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ይኮመጥጣል፣ ከሥሩ ደግሞ የማሽን ቤንዚን አለበት። ያ ሽታ ቤት ከገባ አሁን ያለሁበትን ዕድሜ እረሳዋለሁ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያወልቅ ይታየኛል። የሱሪው ጫፍ ረጥቧል፣ ካልሲው ላይ ሣር ተለጥፏል፣ እናቴም ከወጥ ቤት ሆና «ምንጣፉን! ኧረ ምንጣፉን!» ትለዋለች።

ከጠየቅሽኝ አይቀር ልንገርሽ። ለብዙ ሰው አላወራሁትም። ሲጀመር ስለ ጎልፍ የማወራ ስለሚመስል ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ሳሎናችን መስኮት ጋ ቆመሽ ወደ ታች ስታዪ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያው፣ ከዚያ አጥሩ፣ ከዚያ ዛፍ የሞላው ሸለቆ ይታያል። ከሸለቆው ወዲያ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ብቻ፣ በዛፎቹ መሀል እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ አረንጓዴ ይታያል። የአባቴ መሥሪያ ቤት ያ ነበር። የጎልፍ ክለብ ነው። አባቴ ሣር ያጭዳል፣ በአሸዋ የተሞሉትን ጉድጓዶች ጠዋት ጠዋት እንደ ፀጉር ያበጥራል።

አገር ቤት እያለ መንገድ ቀያሽ ነበር። ተራራ ላይ ቆሞ መንገዱ በየት በየት እንደሚዞር፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ የሚያይ ሰው። እኔ የማስታውሰው ሦስት እግር ያለውን መሣሪያውንና በአንድ ዓይኑ ማየት ስለለመደ ሁልጊዜ ትንሽ ጨፈን የሚለውን ግራ ዓይኑን ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ግን ወረቀቱን ያየለት አልነበረም። ሥራውን የጀመረ ሰሞን እራት ላይ ይስቅ ነበር። «ትልልቅ ሰዎች ናቸው» ይለን ነበር፤ «ትንሽ ኳስ ይጥሉና ቀኑን ሙሉ ሲፈልጓት ይውላሉ።»

ሁለተኛው ዓመት ላይ መሳቁን ተወ። ኳሱ ሳይሆን መሬቱ ያዘው። ኳሷ የምትገባባት ጉድጓድ ያለችበትን አጭር ሣር «ግሪን» ይሉታል፤ ሲያዩት ሜዳ ነው፣ ግን ሜዳ አይደለም፤ ለዓይን የማይታይ ዳገትና ቁልቁለት አለው። ኳሷ በዚያ ላይ ስትንከባለል ልክ እንደ ውሃ ነው የምትሄደው። «ሰዎቹ መሬት ነው የሚያነቡት» አለን አንድ ቀን፣ ማንኪያውን አስቀምጦ። የናፈቀውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘ ይመስል ነበር።

ከዚያ አውስትራሊያዊው መጣ።

አንድ ትልቅ ውድድር ክለቡ ውስጥ ሊካሄድ ነው ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ከንጋት ጀምሮ ሲለፋ ሰነበተ። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ አባቴ ወንዙ አጠገብ ያለችውን ግሪን አጭዶ ጨርሶ አሸዋውን ያበጥራል። አንድ ሰው ብቻውን መጣ። አጭር ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ በፀሐይ ተቃጥሎ የቀላ። ኳስ መሬት ላይ ጣለ፤ ቁጢጥ ብሎ አየ፤ ተነሣ፤ እንደገና ቁጢጥ አለ። ከዚያ ዞር ብሎ አባቴን ጠየቀው።

«ወዴት ነው የምትታጠፈው?»

«ወደ ግራ ነው ጌታዬ» አለው አባቴ በዚያ ጥንቅቅ ባለ፣ ከመጽሐፍ በተማረው እንግሊዝኛው። «ዓይንዎ ቀኝ ይልዎታል። አይመኑት። ውሃው ወደ ግራ ነው የሚሄደው።»

ሰውዬው መሬቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ መታ። ኳሷ እንደ ተመከረች ልጅ ወደ ግራ ታጥፋ ጉድጓዷ ውስጥ ገባች።

«እንዴት አወቅህ?»

«መንገድ ቀያሽ ነኝ።»

«ነበርኩ» አላለም። «ነኝ» ነው ያለው። ይህንን ታሪክ በነገረን ቁጥር እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ይል ነበር። አውስትራሊያዊው እጁን ዘረጋለት። አባቴ እጁ ሣር ነክቶት ስለነበር ሱሪው ላይ ሊጠርገው ሲል ሰውዬው ሳይጠረግ ያዘው።

ያን ሳምንት አውስትራሊያዊው አላሸነፈም፤ አራተኛ ወጣ። ግን በመጨረሻው ቀን እዚያችው ወንዙ አጠገብ ያለችው ግሪን ላይ ከሩቅ መትቶ አስገባ። ሕዝቡ ጮኸ። አባቴ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ነበር። ያን ዕለት ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ አላወለቀም፤ ምንጣፉን ረግጦ መጣና ሁላችንንም አቀፈን።

ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ቤታችን ገባ ማለት ይቻላል። አባቴ የቢልዲንጉ ሰዎች አንብበው የሚጥሉትን ጋዜጣ ከምድር ቤት እየሰበሰበ የስፖርቱን ገጽ ያነባል። አውስትራሊያዊው የሸንኮራ አገዳ እርሻ መካኒክ ልጅ እንደሆነ፣ ጎልፍን የተማረው ባሕር ዳር አሸዋ ላይ እየመታ እንደሆነ፣ በዚያም የተነሣ ነፋስ እንደማይፈራ ነገረን። እንግሊዝ አገር፣ ዝናቡ ወደ ጎን በሚዘንብበት ሜዳ ላይ ትልቁን ዋንጫ ሲወስድ አባቴ ሶፋው ላይ ቆሞ ነበር የሚያየው። ጃፓን ውስጥ አሸነፈ። አገሩ ገብቶ አሸነፈ። አንድ ሰሞን በዓለም ላይ የሚበልጠው አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለው። አሜሪካ ደቡብ ውስጥ በየፀደዩ የሚደረግ ውድድር አለ፤ ተጫዋቾቹ ከሁሉ በላይ የሚመኙት ነው። እዚያ ሦስት ጊዜ ለማሸነፍ ጫፍ ደርሶ ሦስቴም በመጨረሻው ቀን አመለጠው። ጋዜጦቹ እሁድ እሁድ እጁ ይከዳዋል ብለው ጻፉ። አባቴ ጋዜጣውን አጥፎ «እጁ አይደለም» ይላል። «ሲደነግጥ መሬቱን ማየት ይተዋል።»

እኔ አፍር ነበር። የጓደኞቼ አባቶች ኳስ ያያሉ፣ ቅርጫት ኳስ ያያሉ፤ የኔ አባት ሰው በሹክሹክታ የሚያወራበትን ጨዋታ ሲያይ ይውላል። «አባዬ፣ ምንም ነገር እኮ እየሆነ አይደለም!» እለዋለሁ። «ዝም ብለሽ እዪ» ይለኛል።

አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ አባቴ አሸዋ እያበጠረ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ሆስፒታል ስንደርስ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ወርዷል። የሥራ ልብሱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ለእናቴ ሰጧት፤ ጉልበቱ ላይ አሸዋ ነበረበት።

ቃላቱ ሁሉ ሄዱ። እንግሊዝኛው እንዳልነበረ ሆነ፣ አማርኛውም ተከተለው። ከወር በኋላ አንድ ቃል ብቻ ተመለሰ።

«ውሃ ልስጥህ አባዬ?»

«ግራ።»

«አመመህ?»

«ግራ።»

«እኔን ታውቀኛለህ?»

ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ እጄን በደህናው እጁ ጨምቆ፣ «ግራ፣ ግራ፣ ግራ» ይለኛል። ሐኪሟ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል አለችን፤ አእምሮው ሁሉን ይረዳል፣ አፉ ግን አንድ በር ብቻ ነው የተከፈተለት። አባቴ አንድን ወንዝ በሰባት ዓይነት ቃል የሚገልጽ ሰው ነበር። የንግግር አስተማሪዋ በየሳምንቱ እየመጣች ሥዕል ታሳየዋለች፤ ኩባያ፣ ውሻ፣ የበረዶ መጥረጊያ። የእንግሊዝኛውን ስም እንዲደግም ትጠብቃለች። ሥዕሉን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ያቺ እኔን የሚያይባት አስተያየት ነበረች የምትገድለኝ። ያፍራል። ልጁ ፊት ያፍራል።

እናቴ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ትሠራ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ሺፍት አላት። ስለዚህ እሁድ አባቴን የማየው እኔ ነኝ። አብረውን የሚቀመጡት ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ አገር ቤት ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። በሊፍት ወጥተው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አባቴ ጎን ይቀመጣሉ። ጎልፍ አይገባቸውም። «ማን እየመራ ነው?» ይላሉ በየሩብ ሰዓቱ። «ግራ» ይላቸዋል አባቴ። «እሱማ ነው» ይላሉ።

በዚያው የትምህርት ዓመት ሚያዝያ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሃሊፋክስ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል። በአውሮፕላን እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። እናቴ ደብዳቤውን ገልብጣ አየችውና «እሰይ ልጄ» አለች፤ ከዚያ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆይታ «አንቺ ከሄድሽ እሱን ማን ያየዋል?» አለች። ጥያቄ አልነበረም። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። ልጠይቀው ፈለግኩ። ምን ብሎ ይመልስልኛል?

ሆሳዕና እሁድ ነበር። አውስትራሊያዊው ያን እምቢ ያለውን ውድድር በአምስት ምት እየመራ የመጨረሻው ቀን ላይ ደርሷል። ጎልፍ ውስጥ ጥቂት መትቶ የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው፤ አምስት ምት ማለት የተበላ እንጀራ ማለት ነው። ጠዋት አባቴ በግራ እጁ ጉንጩን እየነካ አየኝ። ጢሙን ላጨሁት። ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ ጠቆመ። ግራጫ ኮቱን አመጣሁለት፤ የማይሠራውን ክንዱን መጀመሪያ አስገብቼ፣ ትከሻውን ደግፌ አለበስኩት። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ከዚያ በቀጥታ ሥራ ትገባለች። ጋሼ ክራቫት አድርገው መጡ። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ስላረፈ መጋረጃውን ግማሽ ዘጋሁት።

መጀመሪያ ትንሽ ነገር ነበር። አንዷ ኳስ አጭር ቀረች። አንዷ ዛፍ ነክታ ወጣች። አምስቱ አራት፣ አራቱ ሦስት ሆነ። ሁለተኛ የነበረው ወጣት አሜሪካዊ ከኋላው አይለቀውም። አውስትራሊያዊው በመሀል ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ፤ ፊቱ ቴሌቪዥኑን ሞላው። ያን ፊት አውቀዋለሁ አልኩ። የት ነው ያየሁት? ከዚያ ገባኝ፤ አባቴ የኩባያ ሥዕል ሲያሳዩት የሚያሳየው ፊት ነው። የሚያውቀው ነገር እጁ ላይ የማይመጣለት ሰው።

አንዷን ኳስ ውሃ ውስጥ ከተተ። ሁለቱ እኩል ሆኑ።

ቀጥሎ ግሪኑ ላይ ደረሰ። ካሜራው ከኋላው ሆኖ ያሳያል። ቀላል ይመስላል። አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ሊቆም ሞከረ። ግራ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። «ግራ» አለ። ሰውዬው ቁጢጥ ብሎ ያያል። «ግራ! ግራ!» አለ አባቴ። በደህናው እጁ የወንበሩን ክንድ ይመታል። አየሽ፣ ያን ቀን ቃሉ ቃል ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት የፈለገውን ነበር የሚለው። አውስትራሊያዊው ወደ ቀኝ ትታጠፋለች ብሎ መታ። ኳሷ ወደ ግራ ሄደች፤ በጉድጓዷ ጎን አለፈች፤ ቁልቁል ስትወርድ፣ ስትወርድ፣ ስትወርድ ቆየች። ሕዝቡ በአንድነት ተነፈሰ። አባቴ ግን አላቆመም። ምራቁ ኮቱ ላይ እየወረደ፣ አንገቱ ተገትሮ፣ ያቺን ቃል ይጮኻል።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት።

«አይሰማህም!» አልኩት። «አባዬ፣ ሰውዬው አይሰማህም! ማን እንደሆንክም አያውቅም! አንድ ቀን እጅህን ስለጨበጠህ... እኔ እዚህ ነኝ እኮ! እኔ!»

ከላይ ፎቅ የሕፃን ሩጫ ይሰማል። አባቴ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ ዓይኑን ከጠፋው ቴሌቪዥን ላይ ሳያነሣ ማልቀስ ጀመረ። ድምፅ አልነበረውም። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ተይ ልጄ» አሉ ጋሼ። እኔን ይሁን እሱን የሚያጽናኑት አላወቅኩም። «ተይ እንጂ። ክፈቺለት። እስከ መጨረሻው ይየው።»

ከፈትኩት። እስኪያልቅ አየነው፤ አውስትራሊያዊው በሦስት ምት ተሸነፈ። ወጣቱን አሜሪካዊ አቅፎታል፤ ፈገግ ብሏል። የአባቴን እንባ መጥረግ ፈራሁ። ይቆጣኛል ብዬ አይደለም፤ ሳይቆጣኝ እንዳይቀር ፈርቼ ነው። መቆጣት እንኳ ስለማይችል።

እናቴ ማታ ስትገባ ጣቷ ላይ የሆሳዕና የዘንባባ ቀለበት አድርጋ ነበር። ኮት ለብሶ ዓይኑ ያበጠውን ባሏን አይታ «ማን ሞተ?» አለች። «ሰውዬው ተሸነፈ» አልኳት። ልትስቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። ወንበሩ ሥር ተንበርክካ ቀለበቷን አወለቀችና በማይንቀሳቀሰው እጁ ጣት ላይ አሰረችለት።

ያን ሰመር አውስትራሊያዊው ከቶሮንቶ በመኪና አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ለውድድር መጣ። እወስደዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። በደሌን የምክስበት ሌላ መንገድ አልታየኝም። ጋሼ ያቺን አሮጌ መኪናቸውን አመጡ፤ ተሽከርካሪ ወንበሩን አጥፈን ከኋላ ጫንን። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ስለሰነበተ መሬቱ ረጥቧል። ሰው ዣንጥላ እንደ ምርኩዝ ይዞ ሜዳውን በከለለው ገመድ ዳር ይጓዛል። ተጫዋቾቹ ከአንዱ ግሪን ወደ ሌላው የሚያልፉበት ቦታ መረጥኩ፤ ገመዱ አጠገብ ለመድረስ አንድ ሃያ እርምጃ ሲቀረን የወንበሩ ጎማ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ገፋሁ። ጋሼም ገፉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። አልወጣም።

አውስትራሊያዊው መጣ። ሸምግሏል፤ አንገቱ ግን ያው ቀይ ነው። አባቴ ግራ እጁን አነሣ።

«ጌታዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «እባክዎ! አባቴ ነው! ያ ግሪኑን የነገረዎት...»

አንዲት በፈቃደኝነት የምታገለግል ሴትዮ ጸጥታ የሚል ምልክት ፊቴ ላይ አነሣች፤ ከኋላችን ሌላ ተጫዋች ሊመታ ነበር። አውስትራሊያዊው ድምፅ ወደሰማበት ዞር አለ። የተነሣውን እጅ አየ መሰለኝ። የኮፍያውን ጫፍ ነካ አደረገ፤ ለሁሉም እንደሚያደርገው። አለፈ። እስኪሄድ ድረስ ወንበሩን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ነበር። ሃያ እርምጃ ነበር እኮ። ለምን ሮጬ ሄጄ ክንዱን አልያዝኩትም? ዛሬ ድረስ እራሴን እጠይቃለሁ።

ወደ አባቴ ፊት መመልከት አቃተኝ። ስመለከት ግን እሱ ሰውዬውን እያየ አልነበረም። ወደ ታች ነው የሚያየው፤ ጎማው ሣሩን ገሽልጦ የሠራውን ቦይ። በደህናው እጁ የኮቴን ጫፍ ጎተተ፣ ወደ መሬት ጠቆመ። ቀበቶውን አጥብቄ ይዤ አስጎነበስኩት። የተገነጠለውን ሣር በግራ እጁ አንሥቶ ቦታው መለሰው። በጣቶቹ ዳርዳሩን ጠቀጠቀ፣ በመዳፉ ደለደለ፣ እንደገና ጠቀጠቀ። ምልክቱን የያዘችው ሴትዮ ልትቆጣን መጥታ የሚሠራውን አየች። ከዚያ እሷም አጎነበሰችና ሌላኛው ጎማ ያበላሸውን ሣር መመለስ ጀመረች፤ ስትሳሳት አባቴ እጇን ይዞ አሳያት። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ወዲያ ዞሩ።

ስለ ሃሊፋክስ ማንም አላነሣም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ሾርባ ይዤለት ገባሁ። አባቴ አየኝ። ከንፈሩ ታገለ፤ ግንባሩ ላይ ያለው ጅማት ተገተረ።

«ሂጂ» አለኝ።

አዲስ ቃል ነበር። መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ይቅር አላለኝም፣ ክፍሉ ውስጥ እንድገባ እንኳ አይፈልግም ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ደግሞ ሌላ ቀን አለኝ። «ሂጂ።» ዓይኔ ውስጥ እያየ።

ነገሩን የገለጡልኝ ጋሼ ናቸው፤ ሊፍት ውስጥ። «አለሽ?» አሉኝ።

«ምን አለኝ?»

«ሂጂ አላለሽም እንዴ? ሦስት ሳምንት እኮ ለፋንበት! አንቺ የሰመር ሥራሽ ስትሄጂ እየመጣሁ ፊደል እንደማስቆጥረው ልጅ... ሂ ብዬ፣ ጂ ብዬ። መጀመሪያ ያንን ያንቺን ደብዳቤ በጣቱ አሳየኝ፤ ከዚያ በሩን አሳየኝ። ገባኝ። እናትሽም ታውቃለች፤ እኔና እሷ እየተጋገዝን እናየዋለን። ሂድ፣ ሂጅ፣ ምን ያላለው አለ፤ ለሴት ልጅ መሆኑን እስኪያስተካክል ድረስ አልተወኝም።»

የሊፍቱ በር አሥራ አራተኛ ላይ ተከፍቶ ተዘጋ። አልወረድኩም። እስከ ላይ ወጥተን ተመለስን።

ሄድኩ። የሄድኩ ቀን አባቴ ኮሪደሩ ላይ ወንበሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ እናቴ ከኋላው ቆማ፣ ሊፍቱ እስኪመጣ ጠበቁ። ብዙ ነገር ልለው አስቤ ነበር። ሊፍቱ ቶሎ መጣ።

የካቲት ውስጥ እናቴ ኮል አደረገች። ሁለተኛ ስትሮክ ነው። ኤርፖርት ስደርስ የበረዶ ማዕበል ተነሥቶ በረራው ሁሉ ተሰርዟል። አንድ ቀን ተኩል ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከመስታወቱ ውጪ ነጭ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኖቹ እንኳ አይታዩም። በየሰዓቱ ባንኮኒው ጋ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ልጅቷ በየሰዓቱ «አዝናለሁ» ትለኛለች፤ በመጨረሻ ገና ስታየኝ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። በዚያ መሀል አባቴ ሞተ። ለቀብሩ ደረስኩ። ለእሱ አልደረስኩም።

ያን ሰመር ወደ ቤት አልተመለስኩም። ሃሊፋክስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ አገኘሁ ብዬ ቀረሁ፤ እውነቱ ያ ወንበር ባዶውን የተቀመጠበትን ሳሎን ማየት ስላልቻልኩ ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ማረፊያ የጋራ ክፍል ውስጥ ማንም የለም፤ ቴሌቪዥን ከፈትኩ። አውስትራሊያዊው ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ ያን ያህል ስም የሌለው ውድድር ነው። ከዚያ ከክፉው እሁድ ወዲህ አንድም አላሸነፈም፤ ጋዜጦቹም ትተውት ነበር። ቁጭ ብዬ አየሁ። የመጨረሻዋ ግሪን ላይ በአንድ ምት እየመራ ደረሰ። ኳሷ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ተነሣ፤ በዙሪያዋ ሄደ፤ ከማዶ ሆኖ እንደገና ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ መሬቱን አየ። መታ። ገባች።

ቴሌቪዥኑን ዘግቼ እየሮጥኩ ደረጃውን ወርጄ ስልኩ ጋ ሄድኩ። ቁጥሩን ነካሁ። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ለማን እንደደወልኩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ልዘጋው ስል እናቴ አነሣችው።

«ሃሎ?»

«እማዬ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ከጀርባዋ ጭብጨባ ይሰማል። እናቴ አባቴ በሕይወት እያለ እንኳ ያን ጨዋታ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አይታ አታውቅም።

«አሸነፈ አይደል?» አለችኝ። «ሕጉ አይገባኝም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ እያየሁ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ አብሬ አጨበጭባለሁ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«እሱ የሚቀመጥበት ጋ ተቀምጫለሁ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልትዘጋው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የተኛ ሰው አጠገቧ እንዳለ ሁሉ፣

«አትዝጊው» አለችኝ። «ዋንጫውን እስኪሰጡት ድረስ አብረሽኝ ቆዪ።»

ቆየሁ።